ከነቤተ ሰብ ወደ አዲስ አበባ ለሚዛወሩ ሰዎች ስለ መኖሪያ ሰፈር አመራረጥ

ሰው ከኖረበት አገር ተነሥቶ ከነቤተ ሰቡ ወደ ሌላ ከተማ በሚዛወርበት ጊዜ ብዙ ነገር ማሰቡ አይቀርም። የሚነሣበትን ቀን ይቈርጣል፤ ዕቃውን ይቈጥራል፤ የሚጭንበትን መኪና ይፈልጋል፤ አዲሱ ደመወዝ ከቀድሞው በምን ያህል እንደሚበልጥ ያሰላል። ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ለልጆቹ አስተዳደግ፥ ለሚስቱ ዕረፍትና ለሽማግሌ ወላጆቹ ጤንነት የሚያስፈልገውን ነገር፥ ይኸውም የሚኖርበትን ሰፈር መምረጥን፥ ለመጨረሻው ሳምንት ያቈየዋል። በመጨረሻም ጊዜው ሲጠብበት ምርጫውን ለደላላ ይተወዋል። ደላላውም በክፋት ሳይሆን ሥራው ስለ ሆነ ባዶ የሆነውን ቤት ያሳየዋል እንጂ ለቤተ ሰቡ የሚስማማውን ሰፈር አይመርጥለትም።

ይህ ነገር ይልቁንም የሚመለከተው በሹመት ወይም በዝውውር ከየክፍላተ ሀገሩ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡትን የመንግሥት ሠራተኞችና ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ደብር የሚመደቡትን ካህናት ነው። እነርሱ የሚሠሩበትን ቦታ ራሳቸው አይመርጡም፤ ይታዘዝላቸዋል። ቤተ ሰባቸው የሚያድርበትን ሰፈር መምረጥ ግን በእጃቸው የቀረ ነገር ነው። በእጅ የቀረውንም ነገር በማስተዋል መሥራት የተገባ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት የሚነበበው የሎጥ ታሪክ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ይሆናል። የአብራምና የሎጥ ከብት በዝቶ ምድሪቱ አንድነት ልታኖራቸው ባልቻለች ጊዜ፥ ሽማግሌው አብራም የመምረጡን ነገር ለወንድሙ ልጅ ተወለት። ሎጥም የዮርዳኖስን ሜዳ ተመልክቶ ልምላሜውንና የውኃውን ብዛት ወደደ፤ ድንኳኑንም እያቀረበ እስከ ሰዶም አደረሰው። የተመለከተው ምድሩን ነበረ፤ በምድሩ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ጠባያቸው ምን እንደ ሆነ ግን አልመረመረም። ከዚህም በኋላ መጀመሪያ መማረክ ደረሰበት፤ ኋላም ሀብቱን ትቶ፥ ሚስቱን አጥቶ፥ ሁለት ሴቶች ልጆቹን ብቻ ይዞ ሸሸ። የመረጠው ሎጥ ብቻውን ነበረ፤ የምርጫውን ዋጋ የከፈሉት ግን ቤተ ሰቡም ጭምር ናቸው። ይህን ማንሣት ዛሬ ሰዶምን የሚመስል ሰፈር አለ ለማለት አይደለም፤ የአባት ዓይን በአንድ ነገር ላይ ብቻ ያረፈ እንደ ሆነ ጉዳቱ ለቤተ ሰቡ የሚተርፍ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

አዲስ አበባም ራስዋ የተቈረቈረችው ከመኖሪያ ምርጫ የተነሣ ነው። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ስለ ሆነ ለጦር ምሽግ የሚመች ነበር፤ ለቤት ኑሮ ግን ብርዱ፥ ነፋሱና የማገዶው እጥረት አስቸጋሪ ሆነ። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው በታች በፍል ውኃው አጠገብ ያለውን ሜዳ ወደው በዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ቦታውም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለ። ተራራውን የመረጠው የጦር ሰው ዓይን ነበረ፤ ሜዳውን የመረጠው ግን ቤት የምታስተዳድር የእመቤት ዓይን ነው። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ የማገዶው ችግር እንደ ገና ጸንቶ፥ በ1890ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ዐፄ ምኒልክ ዋናውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። ነገር ግን ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በቀለና ማገዶው ስለ ተገኘ ከተማይቱ በቦታዋ ጸናች። እንግዲህ ውኃና ማገዶ፥ ብርድና ሙቀት፥ የነገሥታትን ከተማ እንኳ ሊያዛውሩ የሚችሉ ከሆኑ፥ የአንዱን ሠራተኛ ቤት ኑሮ ምን ያህል ሊያናውጡ እንደሚችሉ ማስተዋል አያዳግትም።

ሰፈር የሚለው ቃል በመጀመሪያው ሠራዊት ያረፈበትን ቦታ የሚያመለክት ነው። ከተማይቱ በተቈረቈረችበት ዘመን መኳንንቱ በየተሰጣቸው ቦታ ከነሠራዊታቸው ስለ ሰፈሩ፥ ራስ ብሩ ሰፈር፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ከዚያ የመጡ ናቸው። ሠራተኛ ሰፈርም ስሙን ያገኘው በዚያ ከተቀመጡት የእጅ ባለ ሙያዎች ነው። በዚያን ጊዜ ከሩቅ የመጣ ሰው የት ልደር ብሎ ብዙ አይጨነቅም ነበር። ወደ ጌታው ሰፈር ይሄዳል፤ በዚያም የአገሩን ሰው፥ የሚያውቀውን ቋንቋና የሚያስታርቀውን ሽማግሌ ያገኛል።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ሁሉ ተለውጧል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም በጀሞ፥ በሰሚት፥ በየካ አባዶ፥ በቱሉ ዲምቱ፥ በቦሌ አራብሳና በሌሎችም ስፍራዎች የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው ሕዝቡ በዕጣ ገባባቸው። በዕጣ በተገኘ ቤት አንዱ ጎረቤት ከጎጃም፥ አንዱ ከወለጋ፥ አንዱ ከጉራጌ፥ አንዱ ከዚያው ከአራዳ የመጣ ይሆናል። ዛሬ 11 ክፍለ ከተሞች ባሉዋት በዚህች ሰፊ ከተማ ወደ ጌታ ሰፈር ሄዶ መጠጋት ስለ ቀረ፥ እንግዳው ሰው ራሱ ሊመረምርና ሊመርጥ የግድ ሆነበት።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ሹማምንት በአንድ ዓመት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ እንበል። ሁለቱም ሚስትና ሦስት ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የሁለቱም እናቶች አብረዋቸው ይኖራሉ። የመጀመሪያው ሹም ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ በአስፋልት ዳር በቆመ አዲስ ሕንፃ በአራተኛው ፎቅ ላይ ያማረ ቤት ተከራየ። ቤቱን ያየው ብቻውን በእሑድ ቀን ነው፤ መንገዱም በዚያ ቀን ጭር ያለ ስለ ነበረ ደስ አለው። ከገባ በኋላ ግን ለልጆቹ ቦታ የተገኘው ከከተማይቱ ሌላ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ሆነ። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይቀሰቀሳል፤ ሰርቪስ በሚባለው የትምህርት ቤት መኪና ውስጥ እያንቀላፋ ይሄዳል፤ ማታም ደክሞ ሲመለስ መጽሐፉን ገልጦ ሳያነብ ይተኛል። አሮጊቲቱ እናት ደግሞ ደረጃውን ወርደው መውጣት ስለማይችሉ ከዳግም ትንሣኤ እስከ ፍልሰታ የሄዱት ሁለት ጊዜ ብቻ ሐኪም ቤት ነው። አንድ ቀን ልጃቸውን ጠርተው፥ «ልጄ፥ ቤቱስ ያማረ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። ነገር ግን እኔ እዚህ ብሞት የሚቀብረኝ ማነው?» አሉት። ሹሙም የሚመልሰው ቃል አጣ፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ በስሙ የሚያውቀው ሰው ከዘበኛው በቀር አልነበረምና።

ሁለተኛው ሹም አስቀድሞ ብቻውን መጥቶ በአንድ ዘመዱ ቤት ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። መጀመሪያ የፈለገው ትምህርት ቤቱን ነው፤ ቤቱን ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ፈለገ። ያገኘው ቤት ጣሪያው ያረጀ፥ ግቢውም ጠባብ ነበረ፤ እርሱም ወደ ሥራው ለመሄድ ጥዋት በታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማል፤ በክረምት ጫማው ጭቃ ይነካዋል፤ ባልንጀሮቹም ስለ ቤቱ አልፎ አልፎ ይቀልዱበታል። ነገር ግን ልጆቹ ትልቅ መንገድ ሳይሻገሩ በእግራቸው ተምረው ይመለሳሉ፤ እናቱ በነጋታው ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ከሦስት ባልቴቶች ጋር ተዋውቀው መጡ። ሁለቱን ሹማምንት የለያቸው የደመወዝ ልክ አይደለም። አንደኛው የሰፈሩን ርቀት የለካው ከራሱ ጠረጴዛ ተነሥቶ ነው፤ ሁለተኛው ግን የለካው በትንሹ ልጁ እግርና በእናቱ ጉልበት ነው። የነገሩ ሁሉ ቁም ነገር ይህ ነው። አባት በሰፈሩ የሚያድርበት እንጂ የሚውልበት አይደለም፤ የሚውሉበት ሕፃናት፥ እመቤቲቱና ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ ሰፈር መመረጥ ያለበት ለሚያድርበት ሰው ሳይሆን ለሚውሉበት ሰዎች ነው።

ከዚህ ቀጥሎ መራጩ ሰው አንድ በአንድ ሊመረምራቸው የሚገቡትን ነገሮች መዘርዘር ይጠቅማል።

አንደኛው የልጁ መንገድ ነው። የትምህርት ቤቱ መልካም መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ እንዴት እንደሚደርስበት መታየት አለበት። አባት ወይም እናት በሥራ ቀን ጥዋት ተነሥተው ያን መንገድ በልጅ እርምጃ ሊሄዱት ይገባል። የሚሻገሩት ጐዳና ስንት ነው፤ የእግረኛ መንገድ አለ ወይ፤ ድልድይ የሌለው ወንዝ ይገኛል ወይ፤ በመንገዱ ላይ የመጠጥ ቤትና የጫት ቤት ስንት አለ፤ ይህን ሁሉ ዓይን ካላየው ደላላ አይናገረውም። የከተማይቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለተማሪዎች የምገባ ሥርዓት ስለ ጀመሩ፥ በቅርብ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይጎበኙ መናቅ አይገባም። የትምህርት ዘመን የሚጀመረው በመስከረም መሆኑን አስቦ ቤቱን በክረምቱ መፈለግና የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ ከቀድሞው ትምህርት ቤት ሳይረሱ መያዝ፥ በዓመቱ መካከል ከሚመጣ ጭንቀት ያድናል።

ሁለተኛው ውኃና ምድር ነው። የከተማይቱ ወንዞች ከእንጦጦ ተራራ ተነሥተው ቀበና፥ ግንፍሌ፥ ባንቲይከቱ እየተባሉ በመካከልዋ ወርደው ወደ አቃቂ ይገባሉ። በበጋ ወራት ደረቅ ጐድጓዳ መስሎ የታየ ስፍራ በነሐሴ ወር ሌላ መልክ ይኖረዋል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በከተማይቱ የወረደው ጎርፍ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ስለዚህ ከወንዝ ዳር ወይም ከገደል ሥር ያለ ቤት ኪራዩ ስለ ረከሰ ብቻ አይያዝ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ በሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ሲወድቅ ከ110 በላይ የሆኑ ሰዎች አልቀዋል፤ ከነዚያም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እነዚያ ሰዎች በዚያ የተቀመጡት ድህነት አስገድዷቸው ነው፤ ምርጫ ያለው ሰው ግን ቢያንስ ከቤቱ በላይ ምን እንዳለ ቀና ብሎ ማየት ይገባዋል። የመጠጥ ውኃም በብዙ ሰፈሮች በፈረቃ ስለሚመጣ፥ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከአከራዩ ሳይሆን ከጎረቤት መጠየቅ፥ ሮቶ የሚባለው የውኃ ማጠራቀሚያም በግቢው መኖሩን መመልከት ያስፈልጋል።

የአየሩም ነገር አይዘንጋ። በሰሜን በኩል በእንጦጦ ሥር ያሉት ሰፈሮች ብርዳቸው ይጸናል፤ ወደ ደቡብ 2100 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው ወደ አቃቂ በወረዱ ቍጥር አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ነገር ግን በዚያ በኩል ፋብሪካዎች ይበዛሉ። ሳል የማይለቀው ልጅ ወይም ደረቱ የሚታመም ሽማግሌ ያለው ቤተ ሰብ ይህን ሁሉ ማመዛዘን አለበት። ጤና ጣቢያውም በሌሊት በእግር ወይም በአጭር መንገድ የሚደረስበት መሆኑ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ሕመም በቀን ብቻ አይመጣምና።

ሦስተኛው መንገድና ጊዜ ነው። በከተማይቱ ዳር ያለው ቤት ሰፊና ርካሽ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይወደዋል። በኪራዩ የተረፈው ገንዘብ ግን ለታክሲ፥ ለሰርቪስና ለምሳ ሲከፈል አንዳንድ ጊዜ ትርፉ ከንቱ ይሆናል። ወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ የሚያስተምረው ለዚህም ነገር ይሠራል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፥ ወደ ቃሊቲም በኩል ብዙ ሕዝብ ሲያመላልስ ቈይቷል፤ ነገር ግን ባቡሩ በአጠገቡ ስለሚያልፍ ብቻ ሰፈሩ ለሥራ ቅርብ ነው ማለት አይቻልም። በሥራ ቀን ማታ በ12 ሰዓት ከመሥሪያ ቤት ተነሥቶ ወደዚያ ሰፈር አንድ ጊዜ መሄድ ከብዙ ሰው ምክር ይበልጣል። በቀን ሦስት ሰዓት በመንገድ የሚያልቅበት አባት ልጆቹን የሚያያቸው ተኝተው ነው።

አራተኛው የቤቱ ዓይነት ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ አራት ፎቅ ያላቸውና አሳንሰር የሌላቸው ስለ ሆኑ፥ ሽማግሌ ወይም ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤተ ሰብ ምድር ቤቱን ወይም የመጀመሪያውን ፎቅ ቢፈልግ ይሻላል። ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ በመኪና ማቆሚያ ተይዞ እንደ ሆነ፥ ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራው የጋራ ቤትም ለታሰበለት ሥራ ይውል እንደ ሆነ መጠየቅ መልካም ነው። የጋራው ነገር የተጠበቀበት ሕንፃ ነዋሪዎቹ የሚስማሙበት ለመሆኑ ምልክት ነው።

አምስተኛው ውሉ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ በቅድሚያ የሚከፈለው ገንዘብም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ ለተከራይ ትልቅ ጥበቃ ነው። የመንግሥት ሹም ግን ሕጉን በጠረጴዛው ላይ እያነበበ ለራሱ ቤት ያለ ጽሑፍ በቃል ቢዋዋል የሚያሳፍር ነገር ነው። ሁለት ዓመትም በልጅ ዕድሜ ረጅም ዘመን ስለ ሆነ ከመፈረም በፊት ያለውን ምርመራ ማጥበቅ ይገባል። ደግሞም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት የቈዩ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ስፍራ ስለ ተዛወሩ፥ ቤቱ ያለበት ቦታ በከተማይቱ ፕላን ለምን እንደ ታሰበ ከወረዳው ጠይቆ መረዳት አስፈላጊ ነው። ከመነሣቱም በፊት ከቀድሞው ቀበሌ ወይም ወረዳ መሸኛ ያልያዘ ሰው በአዲሱ ወረዳ የነዋሪነት መታወቂያ ለማግኘት ሲመላለስ ብዙ ቀን እንደሚያጠፋ ማወቅ አለበት።

ስድስተኛውና የሁሉም መደምደሚያ ጎረቤት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት በከተማ ኑሮ እውነትነቱ ይበልጥ ይታያል። ዘመድ በደሴ ወይም በጎንደር ሆኖ ሲያለቅስ፥ በሌሊት በር ከፍቶ የሚወጣው፥ ድንኳን የሚተክለው፥ ሬሳ የሚሸከመው ጎረቤት ነው። ይህን ሥራ በሥርዓት የያዘው ዕድር ነው። ዕድር በአንድ ሰፈር የሚኖሩትን ክርስቲያኑንም እስላሙንም፥ ሀብታሙንም ድኻውንም በአንድ መዝገብ የሚጽፍ ማኅበር ስለ ሆነ፥ የሰፈሩ ጤንነት የሚታወቅበት ዋና ምልክት እርሱ ነው። ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው የዕድሩን ዳኛ አግኝቶ ስለ ወርኃዊ መዋጮው፥ ስለ መግቢያው ገንዘብና ስለ ሰፈሩ ሰላም ቢጠይቅ፥ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከደላላ በአንድ ወር የማይገኘውን ዕውቀት ያገኛል። ዕድር የሌለበት ወይም ዕድሩ የፈረሰበት ሰፈር ግን ቤቶቹ ምንም ያማሩ ቢሆኑ ገና ሰፈር አልሆነም።

በዚህ ነገር የካህናት ድርሻ ቀላል አይደለም። አዲስ ሰው በደብሩ ውስጥ መግባቱን ከማንም አስቀድሞ የሚያየው ካህኑ ነው። የመጣው ቤተ ሰብ የንስሐ አባት እንዲይዝ፥ ልጆቹ በሰንበት ትምህርት ቤት እንዲጻፉ፥ አሮጊቶቹ በሰንበቴ እንዲገናኙ መንገዱን ሊያሳየው የሚችል እርሱ ነው። ሹማምንትም በበኩላቸው ወደ መሥሪያ ቤታቸው የሚዛወረውን ሠራተኛ በትምህርት ዘመን መካከል ከማንቀሳቀስ ቢታገሡ፥ ዝውውሩንም አስቀድመው ቢያስታውቁት፥ ከደመወዝ ጭማሪ የማያንስ ውለታ ይሆናል። የዝውውር ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው፤ በደብዳቤው የሚነሡት ግን አምስትና ስድስት ነፍሳት ናቸው።

በመጨረሻም አንድ ነገር መታወስ አለበት። ነቀፋ የሌለበት ሰፈር ፈልጎ የሚዞር ሰው ሲዞር ይኖራል። አብራም ምርጫውን ለሎጥ ከተወ በኋላ የቀረለት ደጋው ነበረ፤ ነገር ግን በመምሬ ድንኳኑን ተክሎ፥ ከአገሩ ሰዎች ጋር ተስማምቶ፥ መንገደኛውን በቀትር እየተቀበለ ቦታውን የበረከት ቦታ አደረገው። እንዲሁም ዛሬ ወደ አዲስ ሰፈር የሚገባ ሰው መርምሮ ከመረጠ በኋላ የራሱን ድርሻ ሊጨምርበት ይገባል። በገባ በሳምንቱ ጎረቤቱን ቡና ይጥራ፤ በወሩ በዕድር ይጻፍ፤ ለለቅሶ ሳይጠራ ይውጣ፤ በደጁ የሚያልፈውን የጎረቤት ልጅ እንደ ልጁ ይቈጣ፥ እንደ ልጁም ይጠብቅ። እንዲህ ያደረገ እንደ ሆነ፥ ሌላው እንግዳ ቤት ፈልጎ ወደዚያ ሰፈር በመጣ ጊዜ ስለ ጎረቤቶቹ ጠባይ ሲጠይቅ፥ መልካም ሆኖ የሚነገርለት ጎረቤት ራሱ ይሆናል።